ፓይለቷ አልይዝ አለች፦ የጋዝ ምድጃ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ውስጥ የጋዝ ምድጃ፣ ኦቨንና መጥበሻ እጠግናለሁ። ፓይለት ማለት ዋናውን እሳት የምታቀጣጥለው ትንሿ እሳት ናት። «አልይዝ ያለቻችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ዘነበ። የቻልኩትን ይኸው።

ጥያቄ (ሆጤ)፦ የኦቨኔን ቁልፍ ተጭኜ ስይዘው ይበራል። ስለቀው ድርግም! ክብሪት ጨረስኩ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ከእሳቷ አጠገብ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች፤ ቴርሞካፕል ትባላለች። እሳት ሲመታት ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ ቢበዛ 30 ሚሊቮልት ገደማ። አንድ የባትሪ ድንጋይ እንኳ 1,500 አለው። ያቺው ጭላጭ ናት ማግኔቱን ይዛ የጋዙን በር ክፍት የምታቆየው። ጫፏ ጥላሸት ከለበሰ ወይም እሳቱ ካላገኛት በሩ ይዘጋል።

መጀመሪያ ቁልፉን ተጭነሽ እስከ 30 ሰከንድ ያዢ። ብዙ ሰው ቸኩሎ ይለቀዋል። እምቢ ካለ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ፣ ጫፏን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጊ። ከኋላ ቫልቩ ላይ የምትታሰረዋ ብሎን ላልታም ይሆናል። በእጅሽ አጥብቂና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሪ፤ ከዚያ ካለፈ ትበላሻለች። አሁንም ካልያዘ ቀይሪያት። ሱቅ ስትሄጂ አሮጌዋን ያዢ፤ ርዝመቷና ጥርሷ ይለያያል።

ጥያቄ (ሰላም በር)፦ ጎረቤቴ ቴርሞካፕሉን አውጥቶ በቀጥታ አስገጠመው። ምንም አልሆነም። እኔም ላድርግ?

መልስ፦ በፍጹም! እስካሁን ነው ያልሆነው። እሳቷ ስትጠፋ ጋዙን የሚዘጋው እሱ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ወለሉን ይሄዳል። እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው የት ነው? ወለል ላይ፣ በከሰል። ለጎረቤትህም ንገረው።

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ)፦ ኮምቦልቻ እያለን ደህና የነበረ ኦቨን ደሴ ስንገባ መጥፋት ጀመረ። ከፍታው ነው?

መልስ፦ ከፍታውን አትክሰሱት። ሽቅቡ 600 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ቢሳሳም ያ ብቻውን ፓይለት አያጠፋም። መኪና ላይ ሲንገላታ ቴርሞካፕሏ ታጥፋ ከእሳቱ ሸሽታ ይሆናል። ቀጥሎ ነፋሱን እዩ። በርና መስኮቱ ፊት ለፊት ከሆኑ የጦሳ ተራራ ነፋስ ሰተት ብሎ ይገባል። መስኮት ከመድፈን ግን ኦቨኑን አዙሩት፤ ጋዝ ሲነድ አየር ይፈልጋል። እሳቱ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ካመጣ አየር አንሶታል። በርነሩ (ዋናው እሳት የሚወጣበት) ሥር ያለችውን የአየር ማስገቢያ ከፈት አድርጉለት፣ ሰማያዊ እስኪሆን።

ጥያቄ (አራዳ፣ ካፌ)፦ ጠዋት ሁሉንም ስንለኩስ ፓይለቱ ይሞታል። ሲሊንደሩም ውጪው ያልበዋል።

መልስ፦ መልሱን ራስዎ ነገሩኝ ጋሼ። ፈሳሹ ጋዝ ሲሆን ሙቀቱን የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ነው። ብዙ በርነር ባንዴ ሲለኮስ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል። በደሴ ብርድ ደግሞ ይብስበታል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ ከሰል ማስጠጋት እንዳይሞክሩ! ሁለት ሲሊንደር ባንድ መስመር ያስገጥሙ። አስተኝቶ መጠቀምም የለም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የቺፕስ መጥበሻችን ዘይቱ ሲግል ፓይለቱን ይዞ ይጠፋል።

መልስ፦ ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ 230 ዲግሪ አካባቢ፣ ጋዙን የሚቆርጥ መከላከያ አለው። ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምጠረጥረው የዘይቱን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ነው። ባለሙያ እስኪያየው አትጥበሱበት።

ጥያቄ (ሸዋ በር)፦ ከጠፋ በኋላ ይሸታል። ወዲያው ልለኩሰው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ! ሲሊንደሩን ዝጋ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንካ። ሽታው ድራሹ ሲጠፋ ጎማውንና ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን) የሳሙና አረፋ ቀባቸው። አረፋው ከተነፋ የሚያፈሰው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ የፓይለቷን ቀዳዳ በመርፌ ብከፍታትስ?

መልስ፦ ትሰፋብሃለች፣ እሳቷም ቅርጿን ታጣለች። ፍታና በአየር ንፋት።