ፍሪሲዮኑ አየር ይዞ ላስቸገረው ወንድማችን

ሰላም ወንድምዓለም። የታችኛውን የፍሪሲዮን ፓምፕ (ፔዳሉ ሲረገጥ ከላይኛው ፓምፕ በቱቦ በሚመጣው ዘይት ተገፍቶ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን) ካስቀየርክ ወዲህ ፔዳሉ እንደ ድሮው አልመለስ እንዳለህ፣ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመህ ስትረግጠው ጠንከር ብሎ ትንሽ ቆይቶ ወለል ድረስ እንደሚሰምጥ፣ የኋላ ማርሽ ስታስገባም እንደሚጮህብህ ጽፈሃል። መካኒኮቹ ቀኑን ሙሉ አየር ሲያስወጡለት ውለው አልስተካከል ቢላቸው «ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ይውረድና ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ይቀየር» ማለታቸውንም አነበብኩ። እባክህ ይህችን ሳትሞክር ካምቢዮውን እንዳታስወርድ።

እኔም እዚያው ላይ ተቃጥያለሁ። ጎንደር–ደባርቅ የምሠራባት ዶልፊን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ፔዳሏ ተጣብቆ ቀረ። አንድ ጋራዥ የታችኛውን ፓምፕ ቀየረልኝ፤ ሁለት ልጆች ግማሽ ቀን አንዱ እየረገጠ አንዱ የአየር ማስወጫውን ብሎን እየፈታ ቢለፉም ፔዳሉ ጭቃ እንደረገጡት ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ካምቢዮ ወርዶ ሸራ ተቀየረ። ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ፣ የሸራና የእጅ ዋጋ ከፈልኩ፤ ፔዳሉ ግን ያው ነበር። አሮጌውን ሸራ ቤት ወስጄ ሳየው ሸራውን የያዙት ሪቬቶች ገና ጥልቅ ውስጥ ናቸው፣ ማለትም ሸራው አላለቀም፤ ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ነገሩ መለየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሸራው ያለቀ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፣ ወደ ቁስቋም ዳገት ስትወጣ ጉልበት ያጣል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያንተ ግን ተቃራኒው ነው። ረግጠኸውም አይለቅም። ማርሹ የሚጮኸው ሸራው ከሞተሩ ሙሉ በሙሉ ስላልተላቀቀ ነው፤ የኋላ ማርሽ ላይ ቀድሞ የሚሰማው ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ለእሱ ሲንክሮናይዘር (ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ቀለበት) ስለሌለው ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝልህና የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ ከሥር በማስመሪያ ለካ። የእኔዋ አየር ይዛ ሳለች 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር፤ አየሩ ሲወጣ 14 ደረሰች። ዘንጉ በደንብ እየገፋ ማርሹ አሁንም ከጮኸ ችግሩ ውስጥ ነው፤ ካምቢዮ የሚወርደው ያኔ ነው። (ፓምፑ ካምቢዮ ውስጥ ኩሽኔታው ላይ የሚቀመጥባቸው መኪኖች አሉ፤ እነሱ ላይ ይህን መለካት አይቻልም።)

እየረገጡ ማስወጣቱ ለምን አልሆነም? አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቱቦው ከላይኛው ፓምፕ ተነስቶ ተጠማዝዞ ሲወርድ ከፍ ያለ ጉብታ ካለው አየሩ እዚያ ላይ ይቀመጣል። የፍሪሲዮን ፓምፕ በአንድ እርግጫ የሚገፋው ዘይት ትንሽ ስለሆነ አየሩን ግማሽ መንገድ ያወርደዋል፤ እግርህን ስታነሳ ተመልሶ ይወጣል። በኃይልና በፍጥነት መርገጥ ደግሞ አንዱን ትልቅ አረፋ ሺህ ደቃቅ አረፋ አድርጎ ያባብሰዋል። ስለዚህ አየሩ መሄድ ወደሚፈልግበት፣ ከሥር ወደ ላይ ግፋው።

ከፋርማሲ ትልቁን የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ጫፉ ላይ የሚጠብቅ ስስ ቱቦ ግዛ። መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቁም (በእኛ ከተማ ሜዳ ማግኘት ቢከብድም)፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ በክሪክ ብቻ ተነስታ ሥሯ እንዳትገባ። ዘይት ከላይ እንዳይፈስ ከላይኛው ፓምፕ የዘይት ዕቃ ግማሹን ቀድመህ ምጠጥ፤ ፍሪሲዮኑ የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ሲሪንጁንና ቱቦውን በአዲስ ዘይት ሙላና ቱቦው ጫፍ ላይ ጠብታ እስክትታይ ድረስ አየሩን አስወጣ። ከዚያ ቱቦውን የታችኛው ፓምፕ ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ሰክተህ ብሎኑን በ8 ወይም በ10 ቁልፍ ግማሽ ዙር ፍታ፤ ሲሪንጁንም ቀስ ብለህ፣ በጣም ቀስ ብለህ ግፋ። ፔዳሉን ማንም እንዳይነካ።

የእህቴ ልጅ ላይ ሆኖ ዘይት ዕቃው ውስጥ በባትሪ ያበራልኝ ነበር። መጀመሪያ ጥቁር ነገር መጣ፣ ከዚያ አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል አረፋ ብልቅ ብላ ወጣች፤ «ጋሼ ወጣ!» ብሎ ሲጮህ ሥሯ ሆኜ ሰማሁት። ቀጥለው ደቃቆቹ ተከታትለው ወጡ። ዘይቱ ጥርት ሲል ሲሪንጁን ሳልነቅል ብሎኑን አጠበቅሁ። ሁለት ሲሪንጅ እንኳ አልፈጀም። ግማሽ ቀን ያለፋው አየር ያቺ ባቄላ ነበረች።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እይ። ፔዳሉን በእጅህ ስትጫነው የፔዳሉ ዘንግ የላይኛውን ፓምፕ ከመንካቱ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ያ ባዶ ቦታ ከሌለ ፓምፑ ውስጥ ወደ ዘይት ዕቃው የምትከፈተው ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፤ አየሩም መውጫ ያጣል።

አየሩ ወጥቶም ፔዳሉን ረግጠህ ስትይዘው በቀስታ እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነና የትም የሚያፈስ ካላየህ፣ የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። ከፔዳሉ በላይ ግድግዳውን በጨርቅ ጥረገው፤ ከረጠበ በውጭም እያፈሰሰ ነው። ታች ደግሞ የፓምፑን ላስቲክ ገለጥ አድርገህ እይ።

ዘይቱ የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ይሁን። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት «ለጊዜው» ብሎ የሚጨምርልህ ካለ አስቁመው፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ሁለቱንም ፓምፕ ትቀይራለህ። ተከፍቶ የከረመ ዕቃም አትጠቀም፣ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። ዘይት ዕቃው ከፍሬኑ ጋር የጋራ ከሆነ ደግሞ ስትመጥ እንዳታደርቀው፤ ፍሬኑም አየር ይገባዋል።

አዘዞ አካባቢ ከሆንክ ቱቦው እኔ ጋ አለ፣ እሁድ ጠዋት ና፤ መጀመሪያ ግን ዘንጉን ለክተህ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ እዚህ ጻፍልኝ።