አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ዩሪያ አይድገሙ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ጣና ዳር በመስኖ ነጭ ሽንኩርት አለማለሁ። ዘንድሮ ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ሳልጠቀም ዩሪያ ብቻ ሁለት ጊዜ ሰጠሁት። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ ከመሃል የሚወጣው ግን ቢጫ ነው። ሦስተኛ ዩሪያ ልጨምርበት?

መልስ፦ አይጨምሩ ወንድሜ፣ ብርዎ ነው የሚባክነው።

የትኛው ቅጠል ቢጫ እንደሆነ ለይተው መጠየቅዎ በጣም ጠቅሞኛል። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጂን ነው። ናይትሮጂን ሲያንስ መጀመሪያ የሚገረጣው አሮጌው ቅጠል ነው፤ ተክሉ ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣላ። ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ግን ከአሮጌው ቅጠል በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ እጥረቱ አዲሱ ላይ ይታያል። የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለኛል።

ታዲያ ዩሪያው የት ገባ? አብዛኛው አፈር ውስጥ ናይትሬት የሚባል የናይትሮጂን ዓይነት ይሆንና ሥሩ ይስበዋል። ቅጠሉ ውስጥ ናይትሬት ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ሌሎች ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን አሚኖ አሲድ ያደርጉታል። ድኙም የራሱ ኢንዛይሞች አሉት፤ ሲስቴይን የሚባለው አሚኖ አሲድ የሚሠራው በእነሱ ነው። ያለ ሲስቴይን ፕሮቲኑ አይሟላም። ኢንዛይሞቹ ራሳቸው ደግሞ ፕሮቲን ናቸው። ድኝ ሲያጥር የናይትሮጂኑም ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ናይትሬቱ ሳይሠራበት ቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ላይ ዩሪያ መጨመር ምን ይፈይዳል?

ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ድኝ ይወዳል። ጥርሱን ሲወቅጡት የሚሰነፍጠው ሽታ የሚወጣው አሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ድኝ ያለበትን ውህድ ሲሰብረው ነው።

መጀመሪያ ግን ሁለት ሦስት ተክል ነቅለው ሥሩን ይዩ። ከበሰበሰ ወይም አፈሩ ውኃ ካቆረ፣ ነገሩ የመስኖው ነው። ሥሩ ነጭና ጤነኛ ከሆነ 10 ካሬ ሜትር ያህል መደብ ይለዩና 80 ግራም አሞኒየም ሰልፌት በትነው ያጠጡ። ከመቶው 24 እጁ ድኝ ነው። ጎኑ ያለውን መደብ እንዳለ ይተዉት። ከ10 ቀን በኋላ አዲስ የወጡትን ቅጠሎች ያስተያዩ። ለውጥ ካዩ ለቀሪው ማሳ በዚያው ልክ ይስጡ።

ለመጪው ዓመት ኤንፒኤስን በተከላ ጊዜ አይዝለሉት። 100 ኪሎው 7 ኪሎ ድኝ አለው፤ ዩሪያ ውስጥ ግን ምንም የለም። ኩበቱንም ነገር ያስቡበት፤ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ናይትሮጂኑም አብዛኛው ድኙም በጭስ ይሄዳል። ለማገዶ ሌላ ነገር ካገኙ፣ ፍጉን አብስለው ለሽንኩርቱ መደብ ያድርጉት።