ያው ኪኒን ለጎረቤቴ ልጅ ተስማማ፣ የኔን ልጅ ለምን ጎዳው?

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ሰኮሩ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ወባ ይዞት መጣ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ተብሎ ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ኮካ ኮላ መሰለ፣ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ፕሪማኪኑን አስቆሙትና ተሻለው። የጎረቤቴ ልጅ ያንኑ ኪኒን 14 ቀን ሙሉ ውጦ ምንም አልሆነም። ኪኒኑ የተበላሸ ይሆን? (እናት፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅዎን አተረፈልዎ። ኪኒኑ የተበላሸ አይመስለኝም። እዚሁ ጅማ መድኃኒት ቤት የምሠራ ነኝና፣ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀይ የደም ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቀውን፣ ጂ-ሲክስ-ፒዲ የሚባለውን ኢንዛይም እጥረት ነው።

ፕሪማኪን ክሎሮኪን የማይነካውን፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ወባ ይገድላል። እግረ መንገዱን ግን ቀይ የደም ሴሎችን ያስጨንቃል። ኢንዛይሙ በቂ ከሆነ ሴሎቹ ይቋቋሙታል። ካነሰ ይፈነዳሉ፤ ሽንቱን ያጠቆረውም ከፈነዱት ሴሎች የወጣው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም የደሙ ቀይ ቀለም ነው። ነገሩ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956፣ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ በፕሪማኪን ጥናት ነበር።

እጥረቱ በዘር የሚወረስ ነው። ጂኑ (የዘር መመሪያው) ያለው ኤክስ በሚባለው የዘር ተሸካሚ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፣ ያውም ከእናቱ። እናት ሁለት ስላላት አንዱ ቢደክም ሌላው ይሸፍንላታል፤ ሳታውቀው ታስተላልፋለች። እባክዎ ራስዎን አይውቀሱ። ይልቅ የልጁ ወንድሞችና እህቶች፣ የእርስዎም ወንድሞች ቢመረመሩ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ እጥረቱ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። እንዲያውም ከከባድ ወባ በመጠኑ ስለሚከላከል ነው በወባ አገር የበዛው።

ልጁን ግን ዛሬውኑ አያስመርምሩት። ሴሎቹ ከፈነዱ በኋላ የሚተኩት አዲሶቹ ኢንዛይም ስለሚበዛባቸው፣ ውጤቱ ደህና ነው ብሎ ሊያታልል ይችላል። ሦስት ወር ያህል ይቆዩ። እስከዚያው ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን፣ አይብላ። ዳፕሶንና ናይትሮፉራንቶይን የሚባሉት መድኃኒቶችም ይከለከሉ። የሆነውን በወረቀት ጽፈው ካርዱ ላይ ያያይዙት፤ ሐኪም ሲቀየር አፍ ይረሳል።

የጂን ነገር በወባ መድኃኒት ብቻ አያበቃም። ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል፤ በአንዳንዱ ሰው ቶሎና በብዛት ስለሚቀየር ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። ተመራማሪዋ ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ሥራ የሚሠራውን ጂን በትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ስትዋዋሱ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ፕሪማኪንን ግን ሌሎቻችሁ ፈርታችሁ እንዳትተዉት። ቫይቫክስ ተመልሶ ይመጣል። እጥረቱ ላለበትም ቢሆን በሳምንት አንዴ፣ ለ8 ሳምንት የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ እሱ ግን ሐኪም ደሙን እየተከታተለ እንጂ ቤት ውስጥ አይሞከርም።