መልስ፦ 80 የአዳማ ነዋሪ የፈረመበት የጎርፍ ቦይ አቤቱታ ለምን ዝም ተባለ?

ደብዳቤያችሁ መልስ ያጣው "ለሚመለከተው ሁሉ" ስለሚል ነው። ማንም የእኔ ነው ብሎ አይመራውም። በዚያ ላይ የተደፈነውን የጎርፍ ቦይ፣ የመንገድ መብራቱንና ቆሻሻውን አንድ ገጽ ላይ ስለከመራችሁት የመሥሪያ ቤቱ ክፍሎች እርስ በርስ ይገፋፉበታል። ቦይውን ብቻ ያዙና እንደገና ጻፉ።

1. ቦይ የማስጠረግ ኃላፊነት የማን እንደሆነ ቀበሌ ጠይቁና ለዚያ ቢሮ ብቻ ጻፉ። ለበላዩ ቢሮ ግልባጭ ይበቃል።

2. "ጉዳዩ፦" ላይ "ቦዩ ከሰኔ በፊት እንዲጠረግ ስለመጠየቅ" በሉ። "ችግራችን እንዲፈታ" ከተባለ "እየሠራንበት ነው" የሚል መልስ ይበቃዋል።

3. መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቦታው፣ የተደፈነው ርዝመት በሜትር፣ ውሃ የሚገባባቸው ቤቶች ብዛት ይግባ። ቀን ያለው ፎቶ አባሪ አድርጉ። ምሬቱን ቀንሱት፤ ቁጥሩ ይናገራል።

4. አዳማ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ዋናውን በሱ አስጽፉ፤ አማርኛውን አያይዙ።

5. ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳይደረግበት አትውጡ። ክትትሉ ሁሉ በዚያ ቁጥር ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይጠቅሳል፤ አንድ መስመር ካነሳችሁት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ክስ ይመስላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ባዶ ወረቀት ላይ ፊርማ አታሰባስቡ። በእያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ ጥያቄው በሙሉ ይጻፍ፤ አለበለዚያ "ምን ላይ እንደፈረምኩ አላውቅም" የሚል አንድ ሰው ሲመጣ ሙሉው ዝርዝር ይወድቃል።