«ሲ» ሁሉ እኩል አይደለም፦ ስለ ሞዴል ሮኬት ሞተሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሞተሩ ላይ የተጻፈው «ሲ6-5» ምን ማለት ነው? የተለያዩ ፋብሪካዎች «ሲ» ሞተሮችስ እኩል ናቸው?

መልስ፦ ፊደሉ ጠቅላላ ግፊቱን፣ ማለትም ግፊቱ በቆየበት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘውን ያመለክታል፤ «ሲ» ከ5 እስከ 10፣ «ዲ» ከ10 እስከ 20 ኒውተን-ሰከንድ ነው። 6 አማካይ ግፊቱን በኒውተን፣ 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየውን ሰከንድ (መዘግየቱን) ይናገራል። እኩል ግን አይደሉም፤ 5.1 ያለውም 9.9 ያለውም «ሲ» ተብሎ ይሸጣልና። ኤስተስ የተባለው አምራች የሚሠራው ሲ6 ሲለካ 8.8 ኒውተን-ሰከንድ ያህል የሚሰጥ ሲሆን፣ አማካይ ግፊቱም 6 ሳይሆን ወደ 4.7 ኒውተን ይጠጋል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የግፊቱን ግራፍ ቢመለከቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኤስተስና ኤሮቴክ በምን ይለያያሉ?

መልስ፦ በነዳጃቸው። የኮሎራዶው ኤስተስ በወረቀት ቱቦ ውስጥ ባሩድ ጠቅጥቆ፣ የታችኛውን ጫፍ ቀዳዳ ባለው ሸክላ ይደፍነዋል። ሲ6 ሲለኮስ ግፊቱ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደ 14 ኒውተን ያሻቅብና ወዲያው ወደ 5 ገደማ ይወርዳል፤ ሮኬቱን ከማስወንጨፊያው ዘንግ የሚያስለቅቀው ይህ የመጀመሪያው ምት ነው። ኤሮቴክ ግን አሞኒየም ፐርክሎሬትን ጎማ መሰል ማያያዣ ውስጥ አዋህዶ ይሠራል፤ ይህ ነዳጅ በእኩል ክብደት ከባሩድ እጥፍ በላይ ይገፋል። በኩዌስት ስም የሚሸጡት ኪው-ጄቶችም የዚሁ ነዳጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ 150 ግራም የሚመዝነውን ሮኬቴን ሲ6 ያነሣዋል?

መልስ፦ አይመከርም፤ ኤስተስ ለሲ6-5 የሚፈቅደው ከፍተኛ ክብደት 113 ግራም ነው። ዲ12 ወደ 30 ኒውተን ስለሚደርስ በቀላሉ ያነሣው ነበር፤ ነገር ግን ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንደ ሲ6 ላለ የ18 ሚሊ ሜትር ሞተር በተሠራ ሮኬት ውስጥ አይገባም። በዚያው ቱቦ የሚገባው ኪው-ጄት ሲ18 ይበልጥ ይስማማዎታል፤ ከባድ ሮኬት ቶሎ ስለሚወርድ ግን አጭር መዘግየት ያለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ለባለ ሁለት ደረጃ ሮኬትስ?

መልስ፦ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ባሩድ ብቻ። ሲ6-0 መዘግየት ስለሌለው፣ ነዳጁ ሲያልቅ ወደ ላይ የሚፈናጠረው ፍም የላይኛውን ሞተር ይለኩሰዋል።

ጥያቄ፦ የባሩድ ሞተሬ ገና ሲለኮስ ፈነዳ። ለምን?

መልስ፦ በእኔም ደርሷል፤ ጥፋቱ የራሴ ነበር። ሳጥኑን በበጋ መኪና ውስጥ ትቼው ነበር፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ የተጠቀጠቀው ባሩድ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እሳቱ በአንዴ ብዙ ገጽ እንዲያገኝ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ሞተሮቼን የማስቀምጠው ቤት ውስጥ፣ ደረቅና ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቁም ሣጥን ነው።