በአንድ ቀሚስ የተነሳ ወደ አውስትራሊያ የተጋዘችው ልጅ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪ ዌድ ስለምትባል የለንደን ልጅ ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልሰው። ላላነበባችሁ በአጭሩ፦ ሜሪ በ1789 ለንደን ውስጥ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው ፍርድ ቤት ቀረበች። 11 ዓመቷ ነበር። የአንዲት ትንሽ ልጅ ልብስ ሰርቀሻል ተባለች፣ ሞት ተፈረደባት፣ በኋላ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተለወጠላት። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት ለአንድ ቀሚስ ሞት? አልተጋነነም?

አልተጋነነም። የችሎቱ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማንም በነጻ ማንበብ ይችላል። ሜሪ መንገድ እየጠረገችና እየለመነች የምትኖር ልጅ ነበረች። ጄን ዋይቲንግ ከምትባል የ14 ዓመት ጓደኛዋ ጋር ሆነው አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ወደ ሽንት ቤት ወሰዱና ቀሚሷን፣ የትከሻ ልብሷንና ቆቧን ገፈፏት። ቀሚሱን ወዲያው ወስደው ገንዘብ አደረጉት። የትከሻ ልብሱ ግን ሜሪ ክፍል ውስጥ ተገኘ። ሕጉ ነገሩን እንደ ተራ ስርቆት አላየውም፤ ልብሱ ከልጅቷ ገላ ላይ ስለተገፈፈ ዘረፋ ነው አለ፣ የዘረፋ ቅጣት ደግሞ ስቅላት ነበር።

ያተረፋት የሕግ ርኅራኄ አይደለም። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አእምሮውን ታሞ ቆይቶ በመጋቢት 1789 ዳነ ተባለ፣ በዚያ ደስታ መሀል ሞት የተፈረደባቸው ሴቶች በግዞት ይለወጥላችሁ ተባሉ። የሚገርመው አንዳንዶቹ አንሄድም፣ እዚሁ ስቀሉን አሉ። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው እንዲያስቡበት ተደረገ። አንድ ሰው ከገመድና ከባሕር ገመዱን የሚመርጥ ከሆነ ያ አገር ምን ያህል ሩቅ ይመስላቸው እንደነበር አስቡት።

ጥያቄ፦ ዳኞቹ ሰው አልነበሩም? አንጀታቸው አይራራም?

ይራራል እንጂ፣ እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ከሰው ቤት ውስጥ 40 ሽልንግና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ይሰቀላል ይላል ሕጉ። ስለዚህ ጁሪ የሚባሉት፣ ከሕዝቡ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች፣ ዕቃውን አይተው ዋጋው 39 ሽልንግ ነው ይሉ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ 39 ሽልንግ የሚለው ቁጥር እየደጋገመ ይመጣል። ዕቃው የበለጠ እንደሚያወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ግን በአንዲት ሽልንግ የሰው ነፍስ ትተርፋለች። እንደዚያ ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ አውስትራሊያ ተጫኑ።

ጥያቄ፦ ለምን አውስትራሊያ? ቅርብ ቦታ ጠፍቶ ነው?

በፊት የሚልኩት ወደ አሜሪካ ነበር። አሜሪካኖቹ ለነጻነታቸው ሲዋጉ ያ በር ተዘጋ። እስር ቤቱ ሞላ፣ ከ1776 ጀምሮ ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆሙ አሮጌ መርከቦችን እስር ቤት አደረጓቸው፣ እነሱም ሞሉ። በመጨረሻ በካፒቴን አርተር ፊሊፕ የሚመሩ 11 መርከቦች ከ700 በላይ ግዞተኞች ይዘው በግንቦት 1787 ከፖርትስመዝ ተነሱ፣ ጥር 26 ቀን 1788 ዛሬ ሲድኒ በምንላት ቦታ ሰፈሩ።

ጥያቄ፦ በጠቅላላ ስንት ሰው ተጋዘ?

እስከ 1868 ድረስ ወደ 160 ሺህ ገደማ። ሴቶቹ ወደ 25 ሺህ ይሆናሉ። አብዛኛው በስርቆት ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ መርከቡ ላይ እንዴት ነበር የሚኖሩት? ሰንሰለት ነበር?

ይሄ በየትኛው መርከብ ተጫንክ በሚለው ነው የሚወሰነው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጥፋት፣ ሰባት ሰባት ዓመት ይፈረድባቸዋል። አንዱ ጤነኛ ሆኖ ይደርሳል፣ ሌላው ባሕር ይጣላል።

ሜሪ የተጫነችው ሌዲ ጁሊያና በምትባል መርከብ ነው። ከ220 በላይ ሴቶች ነበሩባት። ወደ 10 ወር ፈጀባት፣ መንገድ ላይ ቴነሪፍ፣ ሪዮና ኬፕ ታውን ቆማለች። ምግቡ ደህና ነበር፣ መርከቧ ትጸዳለች፣ የሞቱት ጥቂት ናቸው። መርከበኞቹ ግን ከሴቶቹ እየመረጡ እንደ ሚስት ይይዙ ነበር፤ ሴቶቹ እምቢ የማለት አቅም ምን ያህል ነበራቸው የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። ከመርከበኞቹ አንዱ ጆን ኒኮል ነው። ሳራ ዊትላም የምትባለውን ግዞተኛ የእግር ብረት ሚስማር በመዶሻ ሲያወልቅላት ወደዳት። ልጅም ወለዱ። መርከቧ ሲድኒ አራግፋ ስትመለስ ግን እሱ ውል ነበረበትና ትቷት ሄደ። ተመልሶ ሊያገኛት ዓመታት ደከመ፣ አልሆነለትም።

ከሌዲ ጁሊያና ጥቂት ሳምንት ቆይተው ኔፕቱን፣ ሰርፕራይዝና ስካርቦሮ የሚባሉ መርከቦች ገቡ። እነዚህን ያጓጓዘው ድርጅት በባሪያ ንግድ የሚታወቅ ነው። የሚከፈለው በተጫነው ሰው ልክ ነው፣ ሰውየው ይድረስ ይሙት ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ ምግቡን ሰስተው፣ ሰዎቹን ታች በእግር ብረት ጠርቀው አመጧቸው። ከሺህ ገደማ ሰው ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ አለቀ። ከጎኑ የታሰረው ጓደኛው ሲሞት የእሱን ራሽን ለመብላት ሞቱን የሚደብቅ ነበር። በኋላ መንግሥት በሕይወት ለደረሰ ሰው መክፈል ሲጀምርና ሐኪም አብሮ መሳፈር ግዴታ ሲሆን የሟቹ ቁጥር በጣም ወረደ። የተለወጠው የክፍያው ውልና ቁጥጥሩ ነው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ሲደርሱ እስር ቤት ገቡ?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። መጀመሪያ ላይ አጥር እንኳ አልነበረም። አጥሩ ባሕሩና ጫካው ነው። ግዞተኛው ለመንግሥት መንገድ ይሠራል፣ ጡብ ያቃጥላል፣ ወይ ደግሞ ለአንድ ባለ መሬት ይመደባል፤ ደመወዝ የለም፣ ምግብና ልብስ ብቻ። ጌታው ደግ ከሆነ ደህና ይኖራል። ክፉ ከሆነ በትንሽ በትልቁ ወደ ዳኛ ይልከዋል፣ ዳኛው 25 ወይ 50 ጅራፍ ይፈርዳል። ጅራፉ ዘጠኝ ጭራ ያለው ነው። አየህ፣ እዚህም ዕጣ ነው።

ጆን ሃድሰን የሚባል ልጅ ነበር። የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነው፣ 9 ዓመቱ እያለ ሸሚዝና ሽጉጥ ሰርቀሃል ተብሎ የተያዘ። በመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሲጫን 13 ገደማ ሆኖታል። በኋላ ከሲድኒ በባሕር ርቃ ባለችው ኖርፎክ ደሴት ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከጎጆው ውጭ ተገኘ ተብሎ 50 ተገርፏል። ልጅ ነው እኮ!

ጠባዩ ያማረ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቲኬት ኦፍ ሊቭ የሚባል ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱ ያለው ሰው በተወሰነ ወረዳ ውስጥ ለራሱ ሠርቶ ማደር ይችላል። እንደገና ያጠፉት ወደ ባሱ ቦታዎች ይላካሉ። ሴቶቹን ደግሞ ፓራማታ ውስጥ የሴቶች ፋብሪካ ወደሚባለው እስር ቤትና የሥራ ቦታ ያስገቧቸው ነበር፣ እዚያ ጸጉር መላጨት አንዱ ቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁሮች ነበሩ እንዴ?

ነበሩ። ጆን ሲዘር የሚባል በመጀመሪያዎቹ መርከቦች የመጣ ጥቁር ሰው አለ። ገንዘብ ሰርቆ 7 ዓመት የተፈረደበት ነው። ግዙፍ ጉልበተኛ ነበር፣ የሚሰጠው ራሽን አይበቃውም። ስለዚህ ምግብ ይሰርቃል፣ ይገረፋል፣ ወደ ጫካ ይጠፋል። የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ሽፍታ የሚባለው እሱ ነው። በ1796 ለገደለው ሰው አምስት ጋሎን አረቄ ይሰጣል ተብሎ ታወጀበት፣ ተገደለም። ቢሊ ብሉ የሚባለው ሌላው ጥቁር ስኳር ሰርቆ ነው የተጋዘው። እሱ ሲድኒ ወደብ ላይ በጀልባ ሰው እያሻገረ ኖረ፣ እሱ የነበረበት ቦታ ዛሬም ብሉስ ፖይንት ይባላል። ያው ስርቆት፣ ያው 7 ዓመት።

ጥያቄ፦ የአገሬው ሰዎችስ? ስለነሱ ለምን አታወሪም?

ልክ ነህ ወንድሜ። ግዞተኛ ነጻ ሲወጣ የሚሰጠው መሬት ባለቤት ነበረው። ሲድኒ ያረፈችበት የጋዲጋል ሰዎች መሬት ነው። መርከቦቹ በመጡ በዓመቱ፣ በ1789፣ ፈንጣጣ ገብቶ በአካባቢው ካለው ሕዝብ ብዙውን ጨረሰው። ለግዞተኛው እያዘንኩ ይህንን ብዘለው ራሴን አላምነውም።

ጥያቄ፦ ሰባት ዓመቱን የጨረሰ አገሩ ይመለሳል?

በሕግ ይችላል። የመርከብ ዋጋ ግን ራሱ ነው የሚከፍለው። ወንዱ መርከበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ሊመለስ ይችላል። ሴቷ ያንን አታገኝም። ስለዚህ ሰባት ዓመት የሚለው ወረቀት ላይ ነው፣ ለብዙዎቹ እስከ መቃብር ነበር።

ጥያቄ፦ ሜሪስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?

ሲድኒ ብዙ አልቆየችም። ያ ሁሉ ሰው ካለቀባቸው መርከቦች አንዷ በሆነችው በሰርፕራይዝ ወደ ኖርፎክ ደሴት ተላከች። እዚያ ገና በልጅነቷ እናት ሆነች። የመጀመሪያው ሰውዋ ዓሣ ነባሪ ሊያድን ወጥቶ በዚያው ቀረ። ጆናታን ብሩከር ከሚባል ሌላ ግዞተኛ ጋር ብዙ ልጆች አሳደገች፣ እርሻ ያዙ፣ እርሻው በሰደድ እሳት ወደመባቸው፣ እንደገና ተነሱ። በ1859 ስትሞት 82 ዓመቷ ነበር፣ ከ300 በላይ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ነበሯት። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኬቨን ራድ የእሷ ዘር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜልቦርን ነው የምኖረው። ጎረቤቴ የግዞተኛ ዘር ነኝ ብላ ትኮራለች። እንዴት ሰው በሌባ አያት ይኮራል?

አያቷ እሷ ዕድሜ ላይ ሳለች ብትጠይቃት ኖሮ አትነግርህም ነበር። ለብዙ ጊዜ ነውር ነበር፣ ቤተሰብ ስም ይቀይራል፣ ወረቀት ያቃጥላል። የተለወጠው ሰዎች መዝገቡን ገልጠው ማንበብ ሲጀምሩ ነው። የተሰረቀው ምን እንደነበር ሲያዩ፣ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ቀሚስ፣ ትንሽ ስኳር፣ እፍረቱ ወደ ፈራጁ ዞረ። ጎረቤትህን ቡና ጠርተህ የአያቷ ጥፋት ምን ነበር በላት፣ ደስ ብሏት ታወራሃለች።

ጥያቄ፦ የቀሩት ቤተሰቦችስ? ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር?

መጻፍ የሚችል ይጽፋል፣ ብዙዎቹ ግን አይችሉም። እነሱ ያደረጉትን ልንገራችሁ። እስር ቤት ውስጥ መርከቡን እየጠበቁ አንድ ሳንቲም ያገኛሉ፣ የመዳብ ፔኒ። የንጉሡን ፊት እስኪጠፋ ይፍቁታል። ከዚያ በተለሰነው ላይ ስማቸውን፣ የሚወዱትን ሰው ስምና የተፈረደባቸውን ዓመት በመርፌ ወይም በሚስማር ነጥብ በነጥብ ይወቅሩበታል። አንዳንዶቹ ወፍ ይስላሉ፣ አንዳንዶቹ ሰንሰለት የታሰረ ሰው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ቃል ተመሳሳይ ነው፦ ይህን ስታይ አስታውሰኝ። ካንቤራ የሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ሙዚየም ከ300 በላይ እንደዚህ ያሉ ሳንቲሞች አሉት። አንዳንዶቹ ብዙ እጅ ስለዳበሳቸው ፊደሉ ለመጥፋት ደርሷል።