የአያትን ቤት ቤተ መዘክር ለማድረግ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ከአያታችን የወረስነው የጡብ ፎቅ ቤት አለን። ከወንድሞቼ ጋር ተማክረን ለጎብኚ ክፍት ልናደርገው ወስነናል። ሆኖም የግድግዳው ታችኛው ክፍል እየረገፈ ስለሆነ በሲሚንቶ እንድናስለስነው፣ አሮጌውንም ዕቃ በተሻለ እንድንተካው የሚመክሩን አሉ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሲሚንቶው ይቅር። አሮጌ የጡብ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት የሚያስወጣው በጡቡና ጡቡን በሚያያይዘው ኖራ በኩል ነው፤ ሲሚንቶ ይህን መውጫ ሲዘጋው ውሃው ከነጨውነቱ ውስጥ ይታመቃል፣ ጨውም ሲደርቅ እየጠጠረ የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ምስክሩ ደጃፍዎ ላይ አለ፤ የፋሲል ግቢ ግንቦች በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፣ በኋላ ግን ያ አሠራር እንደማይስማማቸው ታውቆ ጥገናው ወደ ኖራ ተመልሷል። ይልቅስ ዝናብ ሲጥል ወጥተው አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚያፈሰው ይመልከቱ፤ ከግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለም ያስነሡት። ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ ከደረቀ በኋላ በኖራና በአሸዋ ይለሰናል።

ዕቃውን መተካት የሚለው ምክር፣ በቅን ልብ የተሰጠ እንደሆነ ባንጠራጠርም፣ ከሲሚንቶው የባሰ ነው። በኒው ዮርክ፣ ማንሃተን፣ እ.ኤ.አ. በ1832 የተሠራ አንድ የጡብ ቤት አለ፤ ትሬድዌል የተባለ ነጋዴ በ1835 ገዝቶት ቤተሰቡ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ኖረበት፤ የመጨረሻዋ ልጅ ገርትሩድ በ1933 ካረፈች በኋላ በ1936 ቤተ መዘክር ሆነ። በዚያው ዘመን የተሠሩ የጡብ ቤቶች በከተማው ሌሎችም አሉ፤ ይህኛውን ልዩ ያደረገው የቤተሰቡ የራሱ ወንበር፣ ልብስና መጽሐፍ ሳይበተን መገኘቱ ነው። ስለዚህ አንድም በርጩማ ከቦታው ሳይነሣ እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሡት፤ ቁጥሩን ዕቃው ላይ በቀለም ከመጻፍ ይልቅ በክር በታሰረ ካርድ ያድርጉት፤ ቡፌው ማን የገዛው፣ መከዳው የማን እንደነበረ የሚያስታውሱ አክስትና አጎት ካሉም ቃላቸውን ዛሬውኑ ይቅረጹ።

ስለ ሕጉ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ በቅርስነት በተያዘ ቤት ላይ ግን ያለ ፈቃድ ጥገና ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ ግንበኛ ከመቅጠርዎ በፊት ፎቶዎቹን ይዘው ወደ ከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ይሂዱ።